ስለ ባልንጀራችን አእምሮ እንዴት እንመስክር?



የሰው ክንድ ቢሰበር ጎረቤት የሚያወራው ወሬ ስብራቱን አያብሰውም፤ ወጌሻ ተጠርቶ ያሸዋል፣ አጥንቱም በጊዜው ይገጥማል። አእምሮ ሲታወክ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ስለ በሽተኛው የሚነገረው ቃል ራሱ በዕጣው ውስጥ ይገባል። «ይህ ሕመም ነው፤ ሐኪም አለው» ከተባለ ቤተ ሰቡ ተነሥቶ መንገድ ይጀምራል። «የአባቶቹ እርግማን ነው» ከተባለ በሽተኛው በጓዳ ይደበቃል። «መድኃኒቱ ያጃጅላል» ከተባለ ደግሞ እንክብሉ ሳይዋጥ ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ ስለ ባልንጀራችን አእምሮ አንዲት ቃል ስንናገር፣ ወደድንም ጠላንም፣ በሕይወቱ ላይ ምስክር ሆነን እንቆማለን።

ቀድሞ እንዲህ ያለው ቃል የሚሰማው በቡና ላይ፣ በዕድር ድንኳን፣ በጸበል ሥፍራና በገበያ መንገድ ነበር። ዛሬ እነዚያ ሁሉ እንዳሉ ሆነው የእጅ ስልክ ተጨምሮባቸዋል። ከሐይቅ ከተማ እስከ አምባሰል ተራሮች ድረስ ወጣቱ በቴሌግራም፣ በፌስቡክ፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ ስለ ድባቴ፣ ስለ ጭንቀትና ስለ እንቅልፍ ማጣት ይሰማል፤ የሰማውንም ለእናቱና ለአባቱ ይነግራቸዋል። ከሚሰማው መካከል እውነተኛና ጠቃሚ ትምህርት አለ፤ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በገዛ ቋንቋችን የሚሰጡት ምክርም ይገኝበታል። ከእርሱ ጎን ግን ግምት፣ ወሬና ንግድ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ይቀርባሉ።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለ አእምሮና ስለ ሕመሙ የሚደርሰንን ቃል ማመን የሚገባን መቼ ነው? ለሌላውስ ማስተላለፍ የሚፈቀድልን መቼ ነው?

እኛ የበደልነው በደል

ጥያቄውን ከሩቅ አላመጣነውም። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ወራት በውጫሌ፣ በሐይቅና በደሴ አገር ካለፈ በኋላ፣ ለጉብኝት ወደ አምባሰል ገጠር ወጥተን በአንዲት እናት ቤት ተቀምጠን ነበር። የዚህች እናት የበኩር ልጅ በዚያ ወራት እንቅልፍ አጥቶ፣ ማንም ሳይናገረው ድምፅ እሰማለሁ እያለ፣ ጎረቤቶቹን ሁሉ «ሊገድሉኝ ይዶልታሉ» ብሎ እየጠረጠረ ከርሞ ነበር። ወገኖቹ ተሸክመው ወደ ከተማ ወሰዱት፤ ተመርምሮ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሞፈርና ቀንበሩን አንሥቶ ወደ እርሻው ተመለሰ።

እኛ በሄድንበት ቀን ታናሽ ወንድሙ ስልኩን አውጥቶ አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል አሳየን። በባሕር ማዶ የምትኖር ዘመድ የላከችው ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ቀርቦ «የአእምሮ መድኃኒት የሚባለው ሁሉ አንጎልን ያደርቃል፤ አንዴ የጀመረው አይላቀቀውም» እያለ ይናገራል፤ በመጨረሻም ከዕፅ የተቀመመ ፈሳሽ እንዴት ማዘዝ እንደሚቻል ይገልጻል። እናቲቱ ወደ እኛ ዘወር ብላ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እውነት ነው እንዴ?» ስትል ጠየቀችን።

እኛም «ሳይኖርበት አይቀርም፤ መድኃኒት ሲበዛ ደግ አይደለም» አልናት። ቡናችንን ጠጥተን፣ መርቀን ወጣን።

ልጁ መድኃኒቱን ተወ። ብዙ ሳይቆይ በአንድ ሌሊት ከቤት ወጥቶ ጠፋ፤ ሁለት ሌሊት በብርድ አደረ። በሦስተኛው ቀን ከገበያ የሚመለሱ ሙስሊም ጎረቤቶቹ ከጎዳና ዳር አገኙት፤ ጋቢያቸውን አልብሰው፣ ከስንቃቸው አብልተው፣ እጁን ይዘው ወደ እናቱ አመጡት። ዛሬ ሕክምናውን ዳግም ጀምሮ በጤና አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገሩን ሰምተን ይቅርታ ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ እናቲቱ «እናንተ ምን አጠፋችሁ፤ የሳትሁት እኔ ነኝ» አለችን። ያ ቃል ከወቀሳ ይልቅ ከብዶናል።

በዚያች ቀን አልዋሸንም፤ የመሰለንን ተናገርን። ነገር ግን ያቺ እናት የጠየቀችን የመሰለንን ሳይሆን የምናውቀውን ነበር። እኛም አላውቅም ማለትን አፍረን ግምታችንን የዕውቀት ካባ አልብሰን ሰጠናት። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ለሕፃናት ስናስተምር ሐሰትን ሁልጊዜ ከውሸት ጋር ብቻ እናያይዘዋለን። ነገር ግን ያላየውን እንዳየ ሆኖ የሚመሰክር ሰው፣ የተናገረው ነገር በአጋጣሚ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ በዳኛ ፊት ሐሰተኛ ምስክር ነው። ኀጢአቱ የሚቈጠረው በቃሉ ይዘት ብቻ አይደለምና፤ በምን ሥልጣን እንደ ተናገረም ይጠየቃል።

ከሐይቅ የምንማረው

ታማኝ ቃልን ከማይታመን ለመለየት የሚረዳን ምልክት ምንድን ነው? መልሱን ለመፈለግ ከዚያው አገር መውጣት አያስፈልገንም።

በሐይቅ ዳር ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የመጻሕፍትና የትምህርት ማዕከል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከዚያ ዘመን የተረፈልን፣ በእርሳቸው ስም የሚጠራው የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ሲሆን፣ ዘመናቸው ተለይቶ ከታወቀ ሥዕል ካላቸው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሁሉ ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። ይህንን በእርግጠኝነት ልንናገር የቻልነው መጽሐፉ ራሱ ስለ ራሱ ስለሚመሰክር ነው፤ ማን እንዳስጻፈው፣ ለየትኛው ገዳም እንደ ተሰጠ፣ በየትኛው ዘመን እንደ ሆነ ይናገራል። ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው አንባቢም በዚሁ ምስክርነት ይመዝነዋል።

በስልክ የሚደርሰንን ስለ አእምሮ የሚናገር ትምህርት በዚሁ ሚዛን እንመዝነው። ተናጋሪው ማን ነው? ስሙ ይታወቃል? ሙያው ምንድን ነው፤ የት ተማረ፣ የት ይሠራል? የአእምሮ ሐኪም፣ የአእምሮ ነርስ፣ የሥነ ልቡና ባለሙያ፣ አማካሪ፣ መንፈሳዊ አባት፣ እነዚህ ሁሉ የተለያየ ሙያ ያላቸው ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ ተክቶ ሲናገር ልንጠነቀቅ ይገባል። ጋዋን ማንም ገዝቶ ይለብሰዋል። ደግሞስ ቃሉ መቼ ተነገረ? ከአሥር ዓመት በፊት የተቀረጸው ትናንት እንደ ተነገረ ሆኖ ከሰው ወደ ሰው ይዞራልና። ስም፣ ሥፍራና ዘመን የሌለውን ቃል አባቶቻችን ከመጻሕፍት ጋር አያኖሩትም ነበር፤ እኛም ከምክር ጋር ልናኖረው አይገባንም።

ከውጫሌ የምንማረው

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ጥቂት ተጕዘን የአምባሰል ወረዳ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ውጫሌ ስንደርስ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ ሥፍራ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነበር። በአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲናገር፣ የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ይህንኑ ግዴታ አድርጎት ተገኘ። «ይቻላል» በሚለውና «ግድ ነው» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት አገርን ከጦርነት አደረሳት፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የፈሰሰው ደም ከዚያች አንቀጽ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ አእምሮ ሕመም በስልክ ከሚደርሰን ትምህርት ብዙው ከባዕድ ቋንቋ የተመለሰ ነው። ሲመለስም ያው የውጫሌ ስሕተት ይደገማል። ከመድኃኒት ጋር የሚመጣው ወረቀት ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ሲናገር «እንቅልፍ ሊያበዛ ይችላል፤ እጅን ሊያንቀጠቅጥ፣ ሰውነትን ሊያደነድን ወይም ክብደት ሊጨምር ይችላል» ይላል። ይህ እውነት ነው፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ይደርሳል፤ በደረሰም ጊዜ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም መድኃኒቱን ይለውጣል። ወሬው ግን «ይችላል» የምትለውን ቃል ከመንገድ ላይ ጥሎ «ያደነዝዛል፣ ያንቀጠቅጣል» ብሎ ይደርሳል። ከዚያም ቀጣዩ ሰው «አንጎልን ያደርቃል» ብሎ ያሳድገዋል። ያቺ እናት ቤት የደረሰው ቃል እንዲህ ያለውን መንገድ የተጓዘ ነበር።

በአንጻሩም ተስፋ በተመሳሳይ መንገድ ይጋነናል። «ብዙዎችን ረድቷል» የሚለው «ሁሉን ይፈውሳል» ወደሚለው ይለወጣል። እውነተኛ ሐኪም ሁሉን በሳምንት እፈውሳለሁ ብሎ ቃል አይገባም። ለድባቴ የሚሰጠው መድኃኒት ጥቅሙ እስኪታወቅ ሳምንታት እንደሚወስድ፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠውም ሳይቋረጥ ለረጅም ጊዜ ሊያስፈልግ እንደሚችል፣ በድንገት መተውም ሕመሙን ሊመልሰው እንደሚችል አስቀድሞ ይናገራል። እንግዲህ ሁለተኛው ምልክት ይህ ነው፤ ታማኝ ቃል ልኩን ያውቃል። የሚያውቀውን ከማያውቀው ይለያል፤ «ይችላል» የሚለውንም ቃል አይጥልም።

የጥቅምና የእርምት ነገር

ሦስተኛው ምልክት ከተናጋሪው ጥቅም ይገኛል። ምክሩ ሲያልቅ የሚሸጥ ነገር ከመጣ፣ ወይም በሽተኛው ሐኪሙን ትቶ የተናጋሪውን ደንበኝነት እንዲይዝ ከተጠየቀ፣ ጆሯችንን ልናነሣ ይገባናል። ይህ ለዕፅ ሻጭ ብቻ የሚነገር አይደለም። በእግዚአብሔር ስም ፈውስን በገንዘብ ለሚያቀርብም፣ በዘመናዊ ሕክምና ስም ያልተመረመረ ነገር ለሚያቀርብም እኩል ይሠራል።

አራተኛው ምልክት ለመታረም ፈቃደኛ መሆን ነው። «ሐኪሞችስ አልተሳሳቱም ወይ?» የሚል ወንድም ሊኖር ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው የፖርቱጋሉ ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ፣ የአእምሮ ሕመምን ለማዳን ብሎ የአንጎልን የፊት ክፍል ሥሮች በቢላ የመቁረጥን ዘዴ ስላስተዋወቀ ነበር። ያ ሕክምና በብዙ አገሮች ብዙ በሽተኞችን ጐድቶ በኋላ ተተወ። እንዲተው ያደረገውም የሐኪሞቹ የራሳቸው ምርመራ፣ የቤተ ሰቦች ጩኸትና እ.ኤ.አ. ከ1952 በኋላ የመጡት አዲሶቹ መድኃኒቶች ናቸው። እንግዲህ ሕክምና አይሳሳትም ብለን አናስተምርም። ስሕተቱን በግልጽ የሚቈጥርበትና የሚያርምበት ሥርዓት ስላለው ግን ከማይታረም ወሬ ይልቅ እናምነዋለን። በስልክ የሚዞረው ወሬ ሐሰት ሆኖ በተገኘ ጊዜ ማን ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ?

አምስተኛው ምልክት ጥንታዊውና ሁላችን የምናውቀው ነው፤ ነገር በሁለትና በሦስት ምስክር ይጸናል። ምስክሮቹ ግን እርስ በርስ የማይገለባበጡ መሆን አለባቸው። አንድ ምስል በሃያ ሰዎች ስልክ ቢመጣ ምስክሩ ያው አንድ ነው። የጤና ሚኒስቴር፣ የዓለም ጤና ድርጅትና በአካባቢው ያለው የጤና ባለሙያ አንድ ነገር ሲናገሩ ግን በእርግጥ ሦስት ምስክሮች ናቸው።

በእነዚህ ሚዛኖች የተመዘነ ዕውቀት

ሚዛኑን ከተናገርን፣ በሚዛኑ ላይ ቆመው ከተገኙት ነገሮች ጥቂቶቹን ለመምህራኑ ማስታወስ ይገባናል።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ በመንካትም ሆነ በምራቅ አይተላለፍም። ይህንን ባለማወቅ ሰው ከእሳት ላይ ሲወድቅ የሚያነሣው ጠፍቶ የተቃጠሉ ወገኖች አሉ። በመንቀጥቀጥ ላይ ላለ ሰው ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅመውም፤ በአፉም ምንም ማስገባት አይገባም። ከእሳትና ከገደል ማራቅ፣ ራሱን በለስላሳ ነገር መደገፍ፣ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛት በቂ ነው። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ሕሙማን ውድ ባልሆነ መድኃኒት መናወጡ ይታገሥላቸዋል።

ኀዘን ሁሉ ሕመም አይደለም። በጦርነት ልጁን የቀበረ፣ ቤቱ የተዘረፈ፣ ተፈናቅሎ በመጠለያ የተቀመጠ ሰው ቢያለቅስ፣ በሌሊት ቢባንን፣ ምግብ ቢያስጠላው ሰብእናው ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በጊዜ፣ በዘመድ ማጽናናትና በዕድር ጉልበት ይበረታሉ። በስልክ ላይ ዐሥር ጥያቄ መልሶ «ድባቴ አለብህ» የሚል መልስ ማግኘት ምርመራ አይባልም። ዳሩ ግን ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ደስታ የራቀው፣ እንቅልፍና ምግብ የከለከለው፣ ሥራውን መሥራት ያቃተው ሰው በባለሙያ ሊታይ ይገባዋል። የጦርነቱ ምስል ከወር በላይ እየተመለሰ የሚያስጨንቀውም እንዲሁ።

«መኖር ሰለቸኝ» የሚልን ሰው ስለ ሞት ማሰቡን በፍቅር መጠየቅ አሳቡን አይዘራበትም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቃልልለታል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አለመተው፣ ፀረ ተባይ መድኃኒትንና ገመድን ከአጠገቡ ማራቅ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ግዴታችን ነው። በዚህ መንገድ ልጃቸውን ያጡ ቤተ ሰቦችም ቢኖሩ እኛ ፈራጆች አንሁን። ከባድ የአእምሮ ሁከት የሰውን ተጠያቂነት እንደሚቀንስ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለችና።

«ሌላ ምን አማራጭ አለን?»

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣብናል። «ሐኪሙ የት አለና? ሰው ስልኩን ቢያምን ምን ይፈረድበታል?» ይባላል። ይህ ቃል እውነት አለው። በአገራችን ለረጅም ዘመን ለአእምሮ ሕሙማን ብቻ የቆመው ሆስፒታል በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር። የአእምሮ ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የወጣው በ2005 ዓ.ም. ገደማ ነው። በቡታጅራ አካባቢ ለብዙ ዓመታት የተደረገው ታላቅ ጥናትም በከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሠቃዩት አብዛኞቹ የገጠር ሰዎች ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ አሳይቷል። በላዩም ጦርነት መጥቶ በወሎ ብዙ የጤና ተቋማትን አራቈተ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ኢንተርኔቱ ራሱ ለረጅም ወራት ተዘግቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ስልኩን ብቻ ታምኖ የነበረ ሰው ስልኩም ጠፋበት።

ተቃውሞውን እንቀበላለን፤ መደምደሚያውን ግን አንቀበልም። ውኃ ባነሰበት አገር ምንጩን መጠበቅ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ የደፈረሰውን መጠጣት አይፈቀድም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መርሐ ግብር፣ ስፔሻሊስት በሌለበት አገር የጤና ጣቢያ ነርሶችና የጤና መኮንኖች አጭር ሥልጠና ወስደው የተለመዱትን የአእምሮ ሕመሞች እንዲያክሙ መንገድ ከፍቷል፤ አገራችንም ይህንን ተቀብላ መሥራት ጀምራለች። ስለዚህ የሐይቅ ወይም የውጫሌ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «አዲስ አበባ እንዴት እደርሳለሁ?» መሆን የለበትም። በቀበሌው ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይጠይቅ፤ ወደ ጤና ጣቢያው ይሂድ፤ ከዚያም አስፈላጊ ከሆነ ወደ ደሴ ይላክ። ስልኩም ቢሆን በዚህ መንገድ ላይ ጥሩ አገልጋይ ሊሆን ይችላል፤ የሰማነውን ይዘን ባለሙያውን «ይህ እውነት ነው ወይ?» ብለን የምንጠይቅበት መነሻ ይሁነን። ወደ መርማሪ የሚያደርሰን ቃል መልካም ቃል ነው፤ ከመርማሪ የሚያሸሸን ቃል ግን ሊጠረጠር ይገባዋል።

ጸሎትና ሐኪም

«ጸበሉስ? ጸሎቱስ?» የሚል ጥያቄም መነሣቱ አይቀርም። በወሎ ምድር ክርስቲያኑ ሕመምተኛውን ወደ ጸበል፣ ሙስሊሙም ወደ ሼኹ ዱዓ መውሰዱ የቈየ ልማድ ነው፤ በዚያም ብዙዎች መጽናናትን ያገኛሉ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ታማሚው እንዲጸልይም፣ ለሐኪሙም ሥፍራ እንዲሰጥ በአንድነት ያስተምረናል፤ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ አንድ ጌታ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ጋኔን የማስወጣት ሥርዓት ከመፈጸሙ በፊት ነገሩ ሕመም አለመሆኑ መረጋገጥ እንዳለበት ያስጠነቅቃል፤ ሥርዓቱንም ያለ ጳጳሱ ልዩ ፈቃድ ማንም ካህን እንዲፈጽመው ሕገ ቀኖና አይፈቅድም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል የምትጠነቀቅ ከሆነ፣ እኛ በመንደር ቆመን «ይህ ጋኔን ነው» ብለን ስንፈርድ በማን ሥልጣን ነው? ጸልዩ፤ ተጸበሉ፤ መድኃኒቱንም አታቋርጡ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ የሚላችሁን አትስሙ።

የዝምታ ዕዳ

በመጨረሻም ስለ ማስተላለፍ የቀረንን እንናገር። ከእውነተኛ ቃል መካከልም ልንናገረው የማይገባን አለ። በእጅ ስልክ ዘመን የታወከን ሰው በሚጮኽበት፣ ልብሱን በጣለበት ሰዓት ቀርጾ ለሺዎች ማሳየት እየተለመደ መጥቷል። አንዳንዱ ለማስተማር፣ አንዳንዱ ለመሳለቅ፣ አንዳንዱም ገንዘብ ለማግኘት ያደርገዋል። ያ ሰው ነገ ሲድን ግን ምስሉ አብሮት አይድንም፤ ሊያገባ ሲል፣ ሥራ ሊቀጠር ሲል ቀድሞት ይደርሳል። የባልንጀራችን አእምሮ በተራቈተበት ሰዓት የምንሸፍንበት ጋቢ እንጂ የምናሳይበት መስተዋት ልንሆን አይገባንም። እነዚያ ከገበያ የሚመለሱ ጎረቤቶች ያን ወጣት ባገኙት ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ስለ ሕመሙ ምንም አልተናገሩም፤ አለበሱት፣ አበሉት፣ ወደሚወዱት ሰዎች መለሱት።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ሕዝቡ ያምናችኋል፤ ለዚህም ቃላችሁ ከባድ ነው። ነገ አንዲት እናት ስልክ ይዛ «እውነት ነው ወይ?» ብላ ብትጠይቃችሁ፣ ማን ተናገረው፣ መቼ፣ ምን ይጠቀምበታል፣ ልኩን ያውቃል ወይ፣ ሌላስ ማን ይመሰክርለታል ብላችሁ መርምሩ። ካላወቃችሁም «አላውቅም፤ ነገር ግን ከሚያውቅ ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ» በሉ። እኛ በዚያች ቀን ያልተናገርነው ቃል ይህ ነው። ቢናገሩት አያሳፍርም፤ ባንናገረው ግን አንድ ወጣት ሁለት ሌሊት በብርድ አደረ።

የእውነት መንፈስ አንደበታችንን ይጠብቅልን፤ በአእምሮ ሕመም ለሚሠቃዩት ወገኖቻችን ሁሉ ዕረፍትን፣ ለሚያስታምሟቸውም ጽናትን ይስጥልን። አሜን።